ጎታ ውስጥ የከረመው ኮምፒውተር

ሚስቴ ዛሬ ዛሬ ስለ ኮምፒውተሩ አትናገረኝም። ድሮ ቤቱን በጠረገች ቁጥር «ይሄን ቁርጥራጭ መቼ ነው ለቆራሌው የምትሰጠው?» ትለኝ ነበር። የኔም መልስ አንዲት ነበረች፤ «የየኔታ ቅኔ አለበት።» ይህን ስላት ዝም ትላለች። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ቅኔ የምንቀኝም የምንሰማም አይደለንም። ቢሆንም የሽማግሌ ልፋት ያለበትን ዕቃ ለቆራሌ ስጥ ብላ መከራከር አይሆንላትም ነበር። አሁን ማሽኑ እዚያው ጥግ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ እሷም ዙሪያውን ጠርጋ ታልፋለች። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሙያዬ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ጥገና ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ ነበረችኝ። ኮምፒውተር ብርቅ በነበረ ጊዜ ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የቤት ኪራይ ውል ሊያስጽፍ እኔ ጋ ያልመጣ ሰው ጥቂት ነው። በኋላ ሁሉም ቤት ኮምፒውተር ገባ፤ ቆይቶም ሰው በስልኩ መጻፍ ጀመረና ሱቋን ዘጋኋት። ዕቃዎቹን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለችው ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ አንዷን ክፍል እነሱ ያዟት።

ከዚያማ አመል ሆነብኝ። መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር አወጣ ሲባል ቀድሜ እደርሳለሁ። ትምህርት ቤት መጋዘን ያጸዳል ሲባል እሄዳለሁ። አሥራ አንድ ደርሰው ነበር። በጥርስ ብሩሽ እያሸሁ አጸዳቸዋለሁ፤ አንዱን ለመጠገን ከሌላው እፈታለሁ፤ ዓርብ ከጁምዓ መልስ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ድምፃቸውን እሰማለሁ። አሮጌ ኮምፒውተር ሲነሳ እንደ ዛሬዎቹ ዝም ብሎ አይነሳም። ያጓራል፣ ያንቋርራል፣ ያለውን ሜሞሪ ይቆጥራል፣ ከዚያ አንዴ ጢጥ ብሎ «ደርሻለሁ» ይልሃል። የሠፈራችን ዕድር ደብዳቤ እስከ ቅርብ ጊዜ በነሱ ነበር የሚጻፈው። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን በተቀበለኝ ቁጥር «ይሄን ጥንታዊ ሰውዬ ጡረታ አታወጣውም?» እያለ ይቀልድብኛል። እኔም እስቃለሁ፤ በሆዴ ግን እናደዳለሁ። ምክንያቱም ከሰው የተለየ ነገር ያለኝ በነሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የኔታን ያወቅኳቸው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ኩታበር ወረዳ ውስጥ የቅኔ መምህር ናቸው። አንድ ሰኞ ለገበያ መጥተው፣ ዝናም ቢያባርራቸው ሱቄ ደጃፍ ተጠለሉ። ጋቢያቸው ርሷል። ግቡ ብያቸው ገቡ፤ ስጽፍ ቆመው ብዙ አዩኝና፣

«ይሄ ነገር የጻፉበትን ይረሳል?» አሉኝ።

«አይረሳም የኔታ፤» አልኳቸው በሙሉ ልብ። ያቺን መልስ ዛሬ ሳስባት መግቢያ ይጠፋኛል።

ጉዳያቸው ይህ ነበር። ቅኔ አንዴ ይዘረፋል፣ ያልፋል፤ የሰማ ከያዘው ያዘው፣ ካልያዘው የለም። የመምህራቸውን ቅኔዎች በቃላቸው የያዙ እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር። ሌሎቹ የያዙት ሁሉ ሞተዋል። የራሳቸውም በዚያ ላይ ነበር። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መጻፍ አይችሉም፤ ተማሪ ቢያስጽፉ ደግሞ፣ በሳቸው አባባል፣ ተማሪው የራሱን ይጨምርበታል። እኔ ግዕዝ ስለማላውቅ የምጨምረው ነገር አልነበረኝም። ለዚህ ነው የመረጡኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ይመጡ ነበር። ገበያውን ጨርሰው፣ የገዙትን ጨው በወንበሬ ሥር አስቀምጠው ይቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ይላሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ መልሼ አነብላቸዋለሁ፤ ስሳሳት በጭራቸው ጠረጴዛውን መታ ያደርጋሉ። ዙሁር ሲደርስ እኔ ለሶላት እወጣለሁ፤ እሳቸው ሱቁን ይጠብቁልኛል። ደንበኛ ሲመጣም «ባለቤቱ ሶላት ላይ ነው፤ ተቀመጥ፣ ይመጣል» ይሉታል። ስመለስ አንዳንዴ ደንበኛው ከጎናቸው ቁጭ ብሎ ምክር ሲሰማ አገኘዋለሁ። የሕይወቴን ደግ ዘመን ጥራ ብባል እነዚያን ሰኞዎች ነው የምጠራው።

ሲያልቅ አተምኩላቸው። በዚያ ዘመን፣ ዳር ዳሩ ቀዳዳ ባለው ወረቀት፣ ሲር ሲር በሚለው ማተሚያ። የኔታ ወረቀቱን በጠፍር አስረው ወሰዱና ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስቀመጡት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጣሪያው አፈሰሰ። የተረፈውን አይጥ ጨረሰው። መጥተው ሲነግሩኝ ግን አላዘኑም። «ማሽኑ ጋ አለ አይደል?» አሉኝ። «አለ የኔታ፤» አልኳቸው። ቡና ጠጥተው ሄዱ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ እየደረስኩ ነው።

ከጦርነቱ ጥቂት ዓመት በፊት የየኔታ ልጅ መጣች። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ከሳቸው ጋር የምትኖር ብቸኛ ልጃቸው ናት። አባቷ መርሳት ጀምረዋል። ቅዳሴ ላይ የኖሩበትን ዜማ ይስታሉ፣ የሷን ስም ከሟች እናቷ ስም ይቀላቅላሉ። ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረች ፍላሽ ፈታ አወጣችና «ጋሼ፣ የአባባን ቅኔ በዚች ገልብጡልኝ፤ ደሴ አሳትመዋለሁ፤ ጆሯቸው ሳይደክም ላንብብላቸው» አለችኝ።

«ይሄ ማሽን ፍላሽ አያውቅም፤» አልኳት። እውነት ነው፤ ፍላሽ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነው። የሚጽፍበትም የአማርኛ ፕሮግራም ከሱ ሌላ ማሽን ላይ አይከፈትም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ደግሞ አንድ ሳምንት ቁጭ ብዬ ማተም እችል ነበር። የማተሚያው ሪባን ደረቀ እንኳ ቢባል ከስክሪኑ እያየሁ በእጄ ብገለብጠው፣ ወይ በሌላው ኮምፒውተር እንደገና ብጽፈው ማን ከለከለኝ? ሥራ አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ካቻቢቴ ሳገላብጥ ነው የምውለው።

ያላደረግኩበትን ምክንያት ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም ነበር። ቅኔው ከማሽኑ ከወጣ ማሽኑ ምን ሊባል ነው? ሚስቴ ስትጠይቀኝ ምን ልመልስ ነው? አሥራ አንዱንም ያኖረልኝ እሱ ነበር። «የየኔታ ቅኔ አለበት» የምትለዋ ቃል ባትኖር ያ ክፍል ያን ጊዜውኑ ይጸዳ ነበር። የሰውዬውን የሕይወት ድካም የቁርጥራጮቼ ዘበኛ አድርጌ አስቀመጥኩት። ልጅቷን «ቆይ፣ ተረጋግቼ በደንብ እሠራዋለሁ» ብዬ ሸኘኋት። ፍላሿን መልሳ ቋጠረች። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ መጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ቆይ አልኳት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲጠጋ ሰው ሁሉ ያለውን ማሸሽ ጀመረ። አልጋ የሚጭን አለ፣ በር ነቅሎ የሚጭን አለ። ሚስቴ ልጆቹን ይዛ ወደ ዘመድ ወጣች። እኔ ከአሥራ አንዱ አንዱን ብቻ መያዝ እችላለሁ፤ የቱን እንደምይዝ የሚጠየቅ አይደለም። ስክሪኑን ትቼ ሣጥኑን ብቻ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩና ኩታበር የኔታ ቤት ወሰድኩት። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ጤፍ የጫንኩ መስሎታል። የኔታ ምን እንደያዝኩ ሲነገራቸው ደነገጡ። «ሰው ቤቱን ትቶ ሲሸሽ አንተ የኔን ነገር ተሸክመህ መጣህ?» ብለው እጄን ይዘው መረቁኝ፤ ረጅም ምርቃት። እኔ ደግሞ እንደ ጀግና ቆሜ ተቀበልኩ።

እዚያ አገር እህል የሚሰወረው ጎታ ውስጥ ነው፤ ከጭቃ የተሠራ፣ የሰው ደረት የሚደርስ ትልቅ የእህል ዕቃ። ማሽኑን ከሥር አስቀመጥን፣ ላዩን በስንዴ ሞላነው። ልጅቷ አፉን በክዳን ዘግታ በጭቃና በእበት መረገችው። ትንፋሽ የማያስገባ፣ የማያስወጣ አድርጋ። «አሁን ማንም አያገኘውም» አለችኝ። ተሰናብቻቸው ወጣሁ።

ከወራት በኋላ ስመለስ ደሴ ቤታችን በሩ ወድቋል፤ ከአሥሩ ማሽኖች አንድም አልተረፈም። ማዘን የሚገባኝን ያህል ግን አላዘንኩም፤ ምክንያቱም ዋናው ኩታበር አለ። ጓደኞቼ ሲያጽናኑኝ «ግድ የለም፣ አልሐምዱሊላህ፣ የየኔታው ተርፏል» እል ነበር። እንዲያውም ትንሽ እየተኩራራሁ።

ኩታበር ሄጄ ጎታው ሲከፈት ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጅቷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

«የነቀዝ ኪኒን ነው ጋሼ» አለች። «እርስዎ ከሄዱ በኋላ አባባ ነቀዝ እንዳይበላው ኪኒን ጨምሪበት አሉኝ። እሳቸው እኮ እህሉን አይደለም፣ ማሽኑን ነው ያሉት። እንደገና ከፍቼ ከመሐልም ከላይም አደረግኩበት።»

የኔታ መደባቸው ላይ ሆነው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ነቀዝ የማይበላው ነገር የለም» አሉ። «መጻሕፍቱንም እንዲሁ ነው የጨረሰብን።»

እኔም፣ ሠላሳ ዓመት ኮምፒውተር ፈታሁ ገጠምኩ የምለው ሰው፣ «ደግ አደረጋችሁ» አልኳቸው። ወላሂ፣ በዚህ አፌ አመሰገንኳቸው።

ቤት ወስጄ ሰካሁት። ምንም የለም። ማራገቢያው እንኳ አልዞረም። መብራቱ ነው ብዬ ሌላ ቀን ሞከርኩ። ምንም። ፈታሁት። መዳብ የነበረው ሁሉ ጠቁሯል፤ መጋጠሚያዎቹ ላይ አረንጓዴ ነገር ወጥቷል፤ እንደ ወርቅ ያበሩ የነበሩት ጥርሶች በጣቴ ስነካቸው ይቀረፋሉ። ውሃ እንዳልነካው አውቃለሁ፤ ብርድ ልብሱ ደረቅ ነበር። ምን እንደነካው ግን አላወቅኩም። ሳምንት ሙሉ በካውያ እየበየድኩ፣ በአልኮል እያጠብኩ ውዬ አደርኩ፤ አንዱን ስጠግን ሌላው ይበጠሳል።

ኮምቦልቻ አንድ የዱቄት ፋብሪካ መጋዘን የሚጠብቅ ሰው አውቃለሁ። ከገጠር መጥቶ ዕድሜውን እዚያ የጨረሰ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። መጋዘናቸው ጥግ የተጣሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች እንዳሉ ስለማስታውስ፣ የኔን ቦርድ በጋዜጣ ጠቅልዬ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ደሴ በሹራብ ተሳፍሬ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን አውልቄ ክንዴ ላይ ይዤ ነው የገባሁት። ሰውዬው ዕቃውን ተቀብሎ ገለጠ፣ አሸተተ፣ መልሶ ጠቀለለ።

«ይሄማ ኪኒን ውጧል» አለኝ።

«እንዴት?»

«እህል ውስጥ ነበር?» አለ። ነበር አልኩት። «እኛ መጋዘኑ ኪኒን ሲጣልበት ሚዛኑን፣ ኮምፒውተሩን፣ የግድግዳውን ስልክ ሳይቀር አውጥተን ነው በሩን የምንዘጋው። ኪኒኑ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ ነቀዝ ብቻ አይገድልም፣ መዳብ ይበላል። አንዴ ረስተን አዲሱን ሚዛን እንዲሁ አድርጎታል። ስንት ቀን ቆየበት?»

«ወራት።»

ዕቃዬን መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ለቅሶ እንደመጣ ሰው።

ለካ ያን ጎታ አጥብቀን የመረግነው ጋዙ እንዳይወጣ ነው። ለካ ልጅቷ ከላይም ከመሐልም ያደረገችው አብዝታ ስለወደደችው ነው። በአባቷ ትእዛዝ፣ ለአባቷ ቅኔ። ይህን ሳስብ እዚያው ከጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሰውዬው ውሃ አመጣልኝ።

ግን ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር ያኔ። መጋዘኑ ጥግ ከነበሩት አንዱ የኔው ማሽን እኩያ ነው፤ ፋብሪካው ሊጥለው የወሰነው። ሰውዬው አለቃውን አስፈቅዶ ከነስክሪኑ ሰጠኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ታቅፌው ሐረጎን ወጣሁ። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ ጤነኛው ማሽን ላይ የኔን ሐርድ ዲስክ እሰካለሁ። ጽሑፉ ያለው ሐርድ ዲስኩ ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ድፍን ብረት ነው፤ ጋዝ አይገባውም። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ድፍን እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር። ሐርድ ዲስክ የሚተነፍስባት የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለችው። ለጀማሪዎች «ይቺን እንዳትደፍናት» ብዬ አስተምርባት የነበረች ቀዳዳ ናት።

ሰካሁት። ዞረ። ሚስቴን ጠራኋትና መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ትክ፣ ትክ እያለ ቆየ፤ ከዚያ የቅኔዎቹ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ወጣ። አርባ አንድ ፋይል። ስማቸው ያኔ እኔው በእንግሊዝኛ ፊደል የሰጠኋቸው ነው፤ ልደታ፣ ደብረ ታቦር፣ ኪዳነ ምሕረት፣ እያለ ቅኔው የተዘረፈበትን በዓል ይናገራል። እንባዬ መጣ። ሚስቴ «አለ?» አለችኝ። «አለ!» አልኳት።

የመጀመሪያውን ልክፈት ስል ማሽኑ ማንበብ አልቻልኩም አለ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም። ድምፁ እየተቀየረ መጣ፤ መጀመሪያ ትክ ትክ ነበር፣ ኋላ እየፋቀ መሄድ ጀመረ። የሚሆነውን ስለገባኝ ደብተር አንስቼ ስሞቹን በእጄ ገለበጥኩ፤ አርባ አንዱንም። የመጨረሻውን ስም ጽፌ ቀና ስል ስክሪኑ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልዞረም። አዲስ አበባ ላለ ባለሙያ ፎቶውን በስልክ ላክሁለት፤ ውስጡ የፀጉር ያህል የቀጠነ መዳብ እንዳለና እሱ ከተበላ እንደማይመለስ ነገረኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቅጂ የለህም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ሰውዬው ምንም አላደረገኝም፤ ባለጌ ሆኜ ነው።

ቅኔው የተገለበጠባቸውን የፍሎፒ ዲስኮች ነገር የሚጠይቀኝ ይኖራል። ነበሩ። ከማሽኖቹ ጋር ቤት ቀሩ፤ ከማሽኖቹ ጋር ጠፉ።

የራሴን ጭንቅላት ብዙ ኮረኮምኩት። ሁለት ዓመት በገዛ ጣቶቼ የጻፍኩት ነገር እንዴት አንድ መስመር አይመጣልኝም? ኪቦርዱ ላይ እጄን አድርጌ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። ትርጉሙን የማያውቁት ነገር አይያዝም። የኔታ የመረጡኝ ምንም ስለማላውቅ ነበር፤ ይኸው ምንም አላውቅም።

ኩታበር መሄዱን ስፈራ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ልጅቷ «አባባ ደክመዋል፣ ይጠይቁዎታል» ብላ ደወለችልኝ። ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ምን እንደምል አላሰብኩም።

የኔታ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ቁርበት ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ጠፍቷል። ድምፄን ሲሰሙ ግን ፊታቸው በራ።

«ማሽኑ ደህና ነው?» አሉኝ። ልጆቼን ከመጠየቃቸው በፊት።

«ደህና ነው የኔታ።»

«ነቀዝ አላገኘውም?»

«አላገኘውም።» ይቺስ እውነት ናት።

«ኪኒኑ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው። «እኔ ነኝ ጨምሪበት ያልኳት። ልጅ ናት፣ አታውቅም።» ልጅቷ አጠገባችን ምስር እየለቀመች ነበር፤ ፈገግ አለች። «እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ።

ደብተሩን ገለጥኩ። «ዘልደታ» አልኩ። ጣታቸውን ቀና አድርገው ጠበቁ። የምቀጥለው አልነበረኝም፤ ወደሚቀጥለው ስም ሄድኩ። «ዘደብረ ታቦር።» አሁንም ጠበቁ። እንዲህ እያልኩ አራት አምስት ስም ጠራሁ። በያንዳንዱ ስም ከንፈራቸው ሊንቀሳቀስ ይልና ይቆማል፤ መጀመሪያውን እንደምሰጣቸው፣ ከዚያ እሳቸው እንደሚይዙት ያሰቡ ይመስለኛል።

«ቅኔውን እኮ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «አርዕስቱን ተወው።»

ምን ይዋጠኝ? «ግዕዙ አልሆንልህ አለኝ፣ የኔታ» አልኳቸው።

«ያኔ ታነበው ነበር እኮ። ስትሳሳት አርምህ ነበር።»

ደብተሩን ከደንኩ። እጃቸውን ዘርግተው ፈለጉኝና ጉልበቴን አገኙ። «ዕድሜ ነው» አሉ። «አንተም ረሳህ፣ እኔም ረሳሁ። ግድ የለም። እሱ ይዞታል።»

«ይዞታል፣ የኔታ።»

«ኪኒኑን ዓመት በዓመት ቀይርለት።»

እሺ አልኩ። ለመሄድ ስነሳ መረቁኝ፤ እንደዚያ ቀኑ ረጅም ምርቃት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጅቷ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ቆም ብላ ከነጠላዋ ጫፍ ያቺኑ ፍላሽ መፍታት ጀመረች። እስከዛሬ ይዛታለች። «ጋሼ፣ አሁንስ ይሆናል?» አለችኝ። «አባባ ብዙ አይቆዩም። እሳቸው ሳያልፉ አንዷን እንኳ ላንብብላቸው።»

ከዚያ በላይ መዋሸት አቃተኝ። «ጠፍቷል እኅቴ» አልኳት። «ሁሉም ጠፍቷል። ያለው ስማቸው ብቻ ነው።»

እጇ ቋጠሮው ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ ቤቱ፣ ወደ ጎታው አቅጣጫ ዞር አለች። «ኪኒኑ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «የግብርና ሠራተኛው ዕቃ ያበላሻል ሲል ሰምቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ነኝ?»

«አይደለሽም» አልኳት። «ፍላሿን ይዘሽ የመጣሽ ቀን ነው የጠፋው። የዚያን ቀን ልሠራው እችል ነበር። አልሠራሁትም።»

 ፍላሿን መልሳ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቀችና ምስሯን ልትለቅም ገባች።